ሐይቅና አምባሰል በፀደይ፦ የወፎች የመልስ ጉዞና የመመዝገቡ ሥራ

በደቡብ ወሎ ዞን በተሁለደሬና በአምባሰል ወረዳዎች የፀደይ ወራት ለአርሶ አደሩ ሥራ የሚደራረብባቸው ናቸው። የበልጉ ሰብል በማሳ ላይ እያለ ለመኸር የሚሆነው መሬት ይታረሳል፤ ደመናውም በየማለዳው ይታያል። በዚሁ ጊዜ ከሐይቁ ዳርና ከአምባሰል ገደሎች በላይ ሌላ እንቅስቃሴ አለ። በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲበረታ ወደ አፍሪካ የወረዱ ወፎች መራቢያቸው ወደ ሆነው አገር ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ ለጥቂት ቀናት ብቻ አርፈው ውኃና ምግብ ያገኛሉ፤ ሌሎቹም ሳያርፉ ያልፋሉ።

እነዚህን ወፎች ሳይነኩና ሳያስደነብሩ በዓይንና በጆሮ መከታተል፣ ዝርያቸውን መለየት፣ ብዛታቸውንና የታዩበትን ቀን መጻፍ የወፍ ምልከታ ይባላል። በብዙ አገሮች የተፈጥሮ ወዳጆች፣ ተማሪዎችና መምህራን በቡድን ተደራጅተው የሚያከናውኑት ሥራ ሲሆን የፀደይ ወራት ከዋና ዋና የሥራ ጊዜያቱ አንዱ ነው። ይህ ጽሑፍ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ በፀደይ ምን እንደሚታይ፣ የምልከታ ቡድን ሥራውን እንዴት እንደሚያከናውን፣ ሥራውም ለአርሶ አደሩና ለከተማው ነዋሪ ምን እንደሚጠቅም ያስረዳል።

ፀደይ ለወፎች ምን ዓይነት ጊዜ ነው?

በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ግን የቀንና የሌሊቱ ርዝመት እኩል ከሚሆንበት ከመጋቢት 12 አካባቢ ጀምሮ ቀኑ ከሌሊቱ እየረዘመ ይሄዳል፤ በረዶው ይቀልጣል፤ ነፍሳትም ይፈላሉ። ወፎቹ እንቁላል ጥለው ጫጩቶቻቸውን ለማሳደግ ይህን የምግብ ወቅት መድረስ አለባቸው። ስለዚህ ከአፍሪካ የሚነሡበት ጊዜ እንደየዝርያቸው የተወሰነ ነው።

ነጭ ሽመላና በሰማይ ከፍ ብለው የሚንሳፈፉ ትላልቅ ንስሮች ቀድመው ከየካቲት ጀምሮ ይጓዛሉ። ጨረባ፣ ንብ በል ወፎችና ጭራቸውን ዘወትር የሚያወዛውዙት ደረተ ቢጫ ወፎች ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ በርከት ብለው ይታያሉ። ግንቦት ሲጋመስ ከሰሜን የመጡት እንግዶች አብዛኞቹ ሄደው ያልቃሉ።

ሽመላ ጊዜዋን የምታውቅ ወፍ መሆኗን የጥንት ሰዎችም አስተውለዋል። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 8 ሽመላ ወቅቷን ጠብቃ ለምትሄድና ለምትመለስ ፍጥረት ምሳሌ ሆና ተጠቅሳለች።

በፀደይ የሚሄዱ ብቻ ሳይሆኑ የሚመጡም አሉ። የአብዲም ሽመላ የሚባለው ጥቁር ጀርባና ነጭ ሆድ ያለው ወፍ ከአፍሪካ ሳይወጣ ዝናብን እየተከተለ የሚኖር ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን ወጥቶ ከሱዳን እስከ ኢትዮጵያ ባለው ምድር በዝናብ ወራት ይራባል። ስለዚህ አንድ ተመልካች በሚያዝያ ያየው ሽመላ ነጩ ወይስ ጥቁሩ መሆኑን መለየቱ ወፉ እየሄደ ነው ወይስ እየመጣ የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል።

ሐይቁና ገደሉ

የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተ ሰሜን በግምት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተ ምሥራቅ ያለው ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር በላይ እንደሆነ ተመዝግቧል። ከእርሱ ከፍ ብሎ የሚገኘው የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውኃ ወደዚህ ይወርዳል። የሐይቅ ውኃ ግን በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ከዙሪያው ተራራና ማሳ ታጥቦ የሚመጣው አፈርም ሆነ ማዳበሪያ እዚያው ይቀራል።

ይህ የሐይቁ ጠባይ ለወፎቹ ትልቅ ትርጉም አለው። እግረ ረጃጅም ወፎች መቆም የሚችሉት ጥልቀት በሌለው ውኃ ብቻ ነው። ዳርቻው ቶሎ በሚጠልቅ ሐይቅ ደግሞ እንዲህ ያለው ቦታ ቄጠማና ደንገል የበቀለበት ቀጭን ጠርዝ ብቻ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሰፊ የሆነው ውኃ ለብዙዎቹ እንግዶች የሚያገለግለው በጠርዙ ነው። ያ ጠርዝ ከታረሰ ወይም ቄጠማው ታጭዶ ካለቀ ሐይቁ ሳይደርቅም ወፎቹ ማረፊያ ያጣሉ።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የታወቀው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ደን ሌላው መጠለያ ነው። ትላልቅ ዛፎች በተመነጠሩበት አካባቢ የገዳማት፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች ግቢ ዛፎች ለንስር፣ ለሽመላና ለእርግብ ማደሪያ ሆነው ቀርተዋል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲኬድ የአምባሰል ወረዳ ይገኛል። ዋና ከተማው ውጫሌ የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ስፍራ በመሆኗ፣ ስሙም ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ በመሰጠቱ አምባሰል በታሪክና በዜማ የታወቀ ነው። ለወፍ ተመልካች ግን ዋናው ነገር ገደሉ ነው። ንስር፣ ጥንብ አንሳና ሽመላ ከባድ ስለሆኑ ረጅሙን መንገድ ክንፋቸውን እያራገቡ ሊዘልቁት አይችሉም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ የሚነሣውን ሙቅ አየርና ነፋስ ከገደል ጋር ተጋጭቶ ወደ ላይ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋሉ። በዚያ እየዞሩ ከፍ ይሉና ወደሚቀጥለው ከፍታ ይንሳፈፋሉ። በሰፊ ባሕር ላይ ሙቅ አየር ስለማይነሣ እነዚህ ወፎች የባሕር ጠባብ መሻገሪያ ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በባብ ኤል መንደብ ወደ ጅቡቲ ሲሻገሩ የተቆጠሩት አዳኝ ወፎች ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። በፀደይ የመልስ ጉዞ ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ በሰሜን በኩል ዞረው በሲና ምድር ያልፋሉ።

ምን ምን ይታያል?

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አዲስ ተመልካች ሁሉንም ማወቅ አያስፈልገውም፤ በሚከተሉት መጀመር ይችላል።

በሐይቅ ዳር፦ ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ የሆነው ዓሣ በል ንስር ከዛፍ ጫፍ ሆኖ በመጮኹ በቀላሉ ይታወቃል። ከመንቁሩ በታች ከረጢት ያለው ፔሊካን፣ ጠልቆ ዓሣ የሚይዘው ጥቁር ወፍ፣ ዝይና ልዩ ልዩ ዳክዬዎች የኢትዮጵያ ሐይቆች ወፎች ናቸው። ከዳክዬዎቹ ውስጥ መንቁሩ እንደ ማንኪያ የሰፋውና ሌሎችም ከሰሜን የሚመጡ እንግዶች ስለሆኑ ፀደይ ሲገፋ ይጠፋሉ።

በማሳና በግጦሽ፦ ከብት ተከትለው ነፍሳት የሚለቅሙ ነጫጭ ሳቢሳዎች፣ ነጭ ሽመላ፣ ጅንጁላቲ፣ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው ጨረባ እና በየሽቦው ላይ የሚሰለፉት ንብ በሎች ይታያሉ። ሽመላንና ሳቢሳን በበረራ ለመለየት አንገታቸውን ማየት ይበቃል። ሽመላ አንገቱን ዘርግቶ ይበራል፤ ሳቢሳ ግን ወደ ትከሻው አጥፎ ነው።

በገደልና በሰማይ፦ አጥንትን ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ በመጣል የሚሰብረው ጺማም አሞራ የኢትዮጵያ ደጋ ታዋቂ ወፍ ነው። መንቁሩ የወፈረው፣ ከማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው እርግብና ከጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ መንቁሩ የጎበጠው ጯኺ ወፍ በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙ ናቸው። እነዚህ የትም የማይሄዱ የአገር ልጆች ስለሆኑ ተመልካቹ ዓመቱን ሙሉ ዓይኑን ያለማምድባቸዋል።

የምልከታ ቡድን ሥራውን እንዴት ያከናውናል?

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ ቀዳሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ዋልያ የተሰኘ መጽሔት ያሳትማል። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 የአገሪቱን ስፍራዎች ዘርዝሮ በመጽሐፍ አውጥቷል። በውኃ ዳር የሚኖሩ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጥር ወር ይካሄዳል። የፍልሰተኛ ወፎች ቀን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይከበራል፤ የፀደዩ ቀን በፈረንጆቹ ግንቦት ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። ይህም ሁልጊዜ ከሚያዝያ 30 እስከ ግንቦት 6 ባሉት ቀናት ውስጥ ይውላል።

የአንድ ቡድን ሥራ በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ሰዓትና በተወሰነ ቀን ላይ የተመሠረተ ነው። በሐይቅ ዳር አራት ወይም አምስት የመቆሚያ ነጥቦች ይመረጣሉ። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ቡድኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በእነዚያው ነጥቦች ቆሞ ይቆጥራል። የሚንሳፈፉትን ትላልቅ ወፎች ለማየት ግን አየሩ የሚሞቅበት ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ይሻላል። ቦታውና ሰዓቱ በየጊዜው ከተቀያየረ የዘንድሮውን ቁጥር ከአምናው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

መንጋው ብዙ ሲሆን አንድ በአንድ መቁጠር አያዋጣም። በቅድሚያ ዐሥር ወፎች ይቆጠሩና የያዙት ስፋት በዓይን ይለካል፤ ከዚያም መንጋው ስንት እንዲህ ያለ ስፋት እንዳለው ይታያል። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ቆጥረው ውጤታቸውን ቢያነጻጽሩ ስሕተቱ ይቀንሳል።

ከምልከታው በኋላ የሚጻፈው ማስታወሻ አጭር ነው። ለምሳሌ፦ «ሚያዝያ 12፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ የሐይቁ ምዕራብ ዳር፣ ደመናማ፤ ዓሣ በል ንስር 2፣ ነጭ ሽመላ 0፣ ያልታወቀ ትንሽ ዳክዬ 14» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ዜሮውም ሆነ «ያልታወቀ» የሚለው ቃል ዋጋ አላቸው። ዜሮ ተመልካቹ ፈልጎ እንዳጣ ይመሰክራል። «ያልታወቀ» ደግሞ በግምት ስም ከመስጠት የተሻለ ታማኝነት ነው።

አጉሊ መነጽር ቢኖር መልካም ነው፤ ባይኖርም ሥራው አይቆምም። ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቃሉ። ጎጆ አጠገብ አለመቅረብ፣ ወፍ ለማስነሣት ድንጋይ አለመወርወር፣ በሰው ማሳ ሲያልፉ ባለቤቱን ማስፈቀድ እና በገዳሙ አካባቢ የገዳሙን ሥርዓት ማክበር የቡድኑ ደንቦች መሆን አለባቸው።

ለአርሶ አደሩ ያለው ጥቅም

ወፍ በገበሬ ዘንድ በመጀመሪያ የሚታወቀው በጥፋቱ ነው። ግሪሳ ማሽላንና ጤፍን እንዴት እንደሚያወድም በወሎ ቆላማ ቀበሌዎች ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ግሪሳ 20 ግራም ያህል ብትመዝንም በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትጨርሳለች። አንድ ሚሊዮን ግሪሳ ያለበት መንጋ በቀን 100 ኩንታል ያጠፋል ማለት ነው። የግሪሳን መንጋ በማደሪያው ላይ ሳለ ቀድሞ ማየትና ለግብርና ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ከምንም በላይ ይጠቅማል። ይህን ለማድረግ ደግሞ ግሪሳን ከማይጎዱት ትናንሽ ወፎች የሚለይ ዓይን ያስፈልጋል።

በሌላ በኩል አብዛኞቹ የፀደይ እንግዶች የገበሬው ረዳቶች ናቸው። ነጭ ሽመላና የአብዲም ሽመላ አንበጣን፣ ፌንጣንና ተምችን ይበላሉ። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወሎን ጨምሮ በብዙ አካባቢዎች ያደረሰው ጉዳት ከአእምሮ አልጠፋም። ወፍ ብቻውን የአንበጣን መንጋ አያጠፋም፤ በሰላሙ ጊዜ ግን የነፍሳቱን ቁጥር ከሚገቱት አንዱ እርሱ ነው። ጨረባና ንብ በልም በአየር ላይ ያሉ ነፍሳትን ይለቅማሉ። እርግጥ ንብ በል ቀፎ አጠገብ ሲሰፍር ንብ አናቢውን ያስቸግራል፤ ይሁን እንጂ ቆይታው አጭር ነው፤ ተርብንም ይበላል።

የጥንብ አንሳ ውለታ ከሁሉም ይበልጣል። የሆዱ አሲድ እጅግ ብርቱ ስለሆነ በሬሳ ውስጥ ያሉ ብዙ የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዲክሎፌናክ የተባለ የከብት የሕመም ማስታገሻ የታከሙ እንስሳትን ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች በብዛት አለቁ። ሬሳው ሜዳ ላይ ቀረ፤ የባዘኑ ውሾችም በዙ። ሕንድ መድኃኒቱን ለከብት ማምረት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። በአፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2015 በርካታ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድበዋል። ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሬሳ ላይ የሚደረግ መርዝ በአንድ ቀን ብዙ ጥንብ አንሳዎችን የሚፈጅ በመሆኑ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነው።

ሳይመዘገብ የጠፋና ተመዝግቦ የጠፋ

የሐይቅ አካባቢ ነዋሪ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ሐይቅ በምሥራቅ ሐረርጌ አለ። የሐረማያ ሐይቅ ለመስኖና ለመጠጥ በሚሳበው ውኃ፣ ከተራራው በሚወርደው ደለልም ምክንያት እየቀነሰ ሄዶ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ዓሣው፣ ጀልባውና የውኃ ወፉ አብረው ጠፉ። በቅርብ ዓመታት ውኃው መመለስ ቢጀምርም ያ ታሪክ ሐይቅ የማይነጥፍ ሀብት አለመሆኑን አሳይቷል። ወፎች ከሰው ቀድመው ለውጡን ያሳያሉ። ዳርቻው ሲጠብ እግረ ረጃጅሞቹ፣ ዓሣው ሲመናመን ዓሣ በሎቹ ይቀንሳሉ። ለውጡ የሚታወቀው ግን ቀድሞ ስንት እንደነበሩ የጻፈ ሰው ካለ ብቻ ነው።

መመዝገብ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ሌላ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሶርያ ፓልሚራ አጠገብ የተወሰኑ ራሰ በራ፣ መንቁረ ጎባጣ ወፎች ተገኙ። ዝርያው በመካከለኛው ምሥራቅ ጠፍቷል ተብሎ ይታመን ነበር። በ2006 በሦስቱ ላይ የሳተላይት መከታተያ ሲደረግ በዮርዳኖስ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፈው መድረሻቸው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የኢትዮጵያ ደጋ ሆኖ ተገኘ። በዚያ ገበሬዎች በሚያርሱበትና ከብት በሚያሰማሩበት ሜዳ ይመገቡ ነበር። ከዚያ በኋላ በየፀደዩ ወደ ፓልሚራ የሚመለሱት እያነሱ ሄዱ፤ በ2013 አንዲት ሴት ወፍ ብቻዋን ተመለሰች። ሊያድናቸው የሚችል ጊዜ አልፎ ነበር። ዱካቸው ግን ታወቀ፤ አንድ ወፍ በሁለት አህጉር ሕዝቦች እጅ እንደሚኖርም ተረጋገጠ።

እንዴት ይጀመራል?

በሐይቅና በአምባሰል እንዲህ ያለ ሥራ ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ወይም የሰፈር ወጣቶች ሊያስጀምሩት ይችላሉ። በመጀመሪያው ዓመት ዐሥር የታወቁ ወፎችን መርጦ በአራት ነጥቦች መቁጠር በቂ ነው። ዓሣ አጥማጁ በታንኳ ላይ ሆኖ፣ እረኛውም በግጦሽ መሬት ላይ ውሎ የሚያየውን ከከተማ የሚመጣ ባለሙያ አያየውም። ስለዚህ የወፎቹን የአካባቢ ስም፣ መቼ እንደሚመጡና የት እንደሚያድሩ ከሽማግሌዎች ጠይቆ መጻፍ የቆጠራው አካል ሊሆን ይገባል።

በእግሩ ላይ ቀለበት ያለበት ወፍ ሞቶ ወይም ቆስሎ ከተገኘ ቀለበቱ የጌጥ አይደለም። በላዩ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፎ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በደሴ ለሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ማሳወቅ ይገባል። ወፉ ከየት አገር እንደመጣና ዕድሜው ስንት እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ወፎችም በዚህ ውስጥ ይካተታሉ።

የተሰበሰበው ማስታወሻ በክበቡ መዝገብ፣ ግልባጩም በቀበሌው ወይም በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ አንድ መምህር ሲዛወር ወይም አንድ ተማሪ ሲመረቅ አብሮ አይጠፋም። የአንድ ዓመት መዝገብ የወፎች ዝርዝር ብቻ ነው። የአምስት ዓመት መዝገብ ግን የትኛው እየቀነሰ፣ የትኛው እየበዛ እንደሆነ ያሳያል። የዐሥር ዓመት መዝገብ በሐይቁ ዳር ስለሚታረሰው መሬት፣ ስለሚሳበው ውኃና ስለሚረጨው መድኃኒት በሚደረግ የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ የሚችል የነዋሪው የራሱ ሰነድ ይሆናል።